የሸጊቱ እጅ

መርሳ ላይ ችግኝ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሸጊቱን ያውቃታል። የደሴና የወልድያን አስፋልት ለቆ ወደ መስኖው ቦይ ሲወርድ፣ የሣር ጥላ በተጣለበት ዳስ ስር ማንጎው፣ ፓፓያው፣ አቮካዶውና ብርቱካኑ በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ችግኝ ማፍያው የባሏ የአብዱልጀሊል ነው። ደንበኛ የምትቀበለው፣ የትኛው ለቆላ የትኛው ቀዝቀዝ ላለ መሬት እንደሚሆን የምታስረዳው፣ ነገረኛውን ገዥ አስቃ የምትመልሰው ግን እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ አታደርግም። ችግኝ አትነካም።

"ያቺን አንሺልኝ" ሲሏት፣ "ራስህ ምረጥ፤ ዐይንህ የወደደው ይሻልሃል" ትላለች። ገዥውም የተከበረ ይመስለውና ደስ ብሎት ይመርጣል። ይህን ከመልመዷ ብዛት እሷም ራሷ የንግድ ብልሃት እየመሰላት መጥቶ ነበር። ከቦዩ ውሃ በጄሪካን ታመጣለች፤ የሚያጠጣው አብዱልጀሊል ነው። አፈሩን ከፍግ ጋር ቀላቅላ ፕላስቲኩን ትሞላለች፤ ዘሩን የሚያስገባው እሱ ነው። በችግኞቹ መሃል ስታልፍ ቀኝ እጇ ሻርፗ ስር ይገባል። ማንም ግባ አላለውም፤ እሷም መግባቱን አታውቅም።

ነገሩ የጀመረው በተወለደችበት በግራና ነው፤ ልጅ ሳለች። ሙስዐብ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። እናቷ ማሳ ስትውል እሱን የምታዝለው፣ የምታበላው፣ የምታስተኛው ሸጊቱ ነበረች። አንድ መኸር ላይ ወባ ያዘውና ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ጤና ጣቢያ ሊወስዱት ሲሰናዱ እዚያው እሷ ጀርባ ላይ እንዳለ ጭጭ አለ። የተኛ መስሏት እሹሩሩ ስትለው ቆየች።

በዚያው ሰሞን ሸጊቱ በአጥሩ ጥግ የተከለችው ዱባ ጠወለገ። ለቅሶ ቤቱ ገና አልተበተነም፤ እናቷ ለሰው ውሃ ልትቀዳ ወጣ ብላ የደረቀውን ሐረግ አየችና ቆመች። ሸጊቱ አጠገቧ ነበረች። እናትየው ወደ ልጅቷም አልዞረችም። ለራሷ እንደምታወራ ሰው፣ "ይቺ ልጅ የነካችው አይበረክት፤ እጇ ደረቅ ነው" አለች፤ ውሃዋን ቀድታ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ይህን ቃል የደገመው ሰው የለም። መደገምም አላስፈለገውም፤ ሸጊቱ ራሷ ትደግመው ነበር። የማንም ቤት ወተት ይበላሻል፤ እሷ ያለበችው ሲበላሽ ግን ምስክር ሆኖ ይቆጠርባታል። የማንም ቤት ጫጩት ይሞታል፤ እሷ የመገበችው ሲሞት ግን፣ አየሽ አይደል፣ የሚላት ድምፅ ከውስጧ ይነሳል። የበረከተውን አትቆጥርም። የበረከተው የሌላ ሰው እጅ ይመስላታል።

አግብታ መርሳ ከገባች በኋላ የመጀመሪያ ልጇን ዘምዘምን ስትወልድ፣ ሕፃኗን የሚያጥቡት አማቷ እማማ የሺ ነበሩ። ሸጊቱ ጡት ትሰጣታለች፣ ታቅፋታለች፤ ልታጥባት ግን አትደፍርም። እማማ የሺ ልጅቷ ድክ ድክ እስክትል ድረስ ሲያጥቡ ከረሙ። ጎረቤት፣ "አማቷን ገረድ አደረገቻቸው፤ ሰነፍ ናት" ብሎ አማት። ሸጊቱ ሰማች። እውነቱን ከምትናገር ሰነፍ መባሉ ቀለላት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ጦርነቱም መጥቶ አለፈ፤ ዳሱ ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ሰው ወደ ማሳው ሲመለስ የፍራፍሬ ችግኝ ፈላጊው በዛ። እማማ የሺም አረፉ። ከዚያ ባለፈው መጋቢት አብዱልጀሊል ከውርጌሳ በኩል ፍግ ጭኖ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ሾፌሩ ተርፎ ወጣ፤ የአብዱልጀሊል ጭን ግን ተሰበረ። ወልድያ ሆስፒታል አስተኙት። ብረት ይገባለታል፣ ሳምንታት ይተኛል ተባለ።

በማግስቱ ደወለላት። ድምፁ ደክሟል፤ ሐሳቡ ግን እቤቱ ነው።

"ፓፓያው ገና የዘር መደቡ ላይ ነው" አላት። "ቅጠል ሲያወጣ ወደ ፕላስቲክ ይዛወር። ክረምት ከመግባቱ በፊት መድረስ አለበት፤ የግራናም የውርጌሳም ሰው እሱን ነው የሚጠብቀው።"

"ሰው እፈልግለታለሁ።"

"የምን ሰው? አንቺ አለሽ አይደል?"

ሸጊቱ ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

"ሸጊቱ" አላት፣ "በዚህ ጊዜ እንኳ ይሄን ነገር ተይው።"

'ይሄን ነገር' ሲል ምኑን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ደንግጣ ስልኩን ዘጋች። ያውቃል ማለት ነው?

የጊዜው ነገር የሚያስመርጥ አልነበረም። ፓፓያው ቅጠል ባወጣ ጊዜ ሸጊቱ ቢስሚላህ ብላ መደቡ አጠገብ ተንበረከከች። ችግኞቹ የልጅ ጣት የማያክሉ፣ ለስላሳ ነገሮች ናቸው። አንድ በአንድ እየነቀለች የመደቡን እኩሌታ ወደ ፕላስቲኩ አዛወረች። ጥቂት አዛውራ ትቆማለች፤ እንደገና ትቀጥላለች። ማታ ላይ ተደርድረው ስታያቸው ቀና ብለው ቆመዋል። እንቅልፍ ሳይወስዳት ዱዓ ስታደርግ አደረች።

ሳምንት ሳይሞላቸው መውደቅ ጀመሩ። ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፤ ከዚያ ችግኙ እንደሰከረ ሰው ይጋደማል። በመጀመሪያ እዚህም እዚያም ነበር። በኋላ ረድፍ በረድፍ ሆነ። ሸጊቱ የሞቱትን እየለቀመች አላለቀሰችም። የጠበቀችው ነገር ነበር የመጣው። እንዲያውም፣ ለመናገር ቢከብድም፣ በልቧ ጥግ ትንሽ ዕረፍት የመሰለ ነገር ተሰማት፦ አልተሳሳትኩም።

ጎረቤቷ ውባለም ጋ ሄደች። ውባለም እኩያዋ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጓሮዋን ቃሪያና ቲማቲም አልምታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ሰፈሩ "የውባለም እጅ ለምለም ነው፤ ዱላ ብትተክል ያቆጠቁጣል" ይላታል። ሸጊቱ በሩ ላይ እንደቆመች ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ያልተናገረችውን ነገር ተናገረች። ሙስዐብን፣ ዱባውን፣ የእናቷን ቃል።

ውባለም መጀመሪያ ልትስቅ ነበር፤ የሸጊቱን ፊት አይታ ተወችው።

"የቀረውን እኔ አዛውርልሻለሁ" አለች። "አንቺ ራቅ በይ።"

የተረፈውን መደብ በሙሉ ውባለም በለምለም እጇ አዛወረችው። ሸጊቱ ከቦዩ ማዶ ቆማ አየች። ችግኞቹ ቀና አሉ። ውባለም እጇን ታጥባ፣ "በይ ጠዋት ጠዋት ብቻ አጠጪልኝ፤ ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም" ብላ ሄደች።

እነዚያም ሞቱ። በዚያው መንገድ፤ ከግርጌያቸው ጠቁረው፣ ቀጥነው፣ ተጋድመው።

ውባለም መጥታ ባየች ጊዜ ተናደደች። "እኔ የተከልኩት እንዲህ ሆኖ አያውቅም!"

"በአጠገባቸው ስለማልፍ ነው" አለች ሸጊቱ።

"ማለፍ ብቻ?"

"ማለፍ ብቻ።"

ውባለም የወደቀውን ችግኝ አንስታ ሥሩን አሸተተችው። አፈሩን በጣቷ ጫን ስታደርገው ውሃ አቀረረ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት ለቀማ የቀራት በርበሬ በወንፊት ይዛ መጣችና ዳሱ ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እቤት ልጆቹ አላሠራ ብለውኝ ነው" አለች። በርበሬዋን እየለቀመች ጓደኛዋን ማየት ጀመረች። ሸጊቱ በማለዳ የተረፉትን አጠጣች፤ ጠረገች፤ ከወልድያ የመጣ አንድ ማንጎ ገዥ አነጋገረች፤ ሸኘችው። ፀሐዩ ከረር ሲል ውባለም ወንፊቱን አስቀመጠች።

"ሸጊቱ፣ አሁን ለምን አጠጣሽው?"

"ምኑን?"

"ፓፓያውን።"

"አላጠጣሁም። ጠዋት ነው ያጠጣሁት፤ አይተሽኝ የለ?"

"አሁን ነው የምልሽ። ሰውየውን ሸኝተሽ ስትመለሺ። ከሱም በፊት ጠርገሽ ስትጨርሺ። ከሱም በፊት።"

"ውባለም፣ ወላሂ አላጠጣሁም።"

ውባለም ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?" አለቻት።

ሸጊቱ ወደ ታች አየች። ግርጌው በምስማር የተበሳሳው የማጠጫ ጣሳ በቀኝ እጇ ነበር። ውሃው ገና በቀዳዳዎቹ እየተንጠባጠበ የቀሚሷን ጫፍ አርሶታል።

ጣሳውን ከየት እንዳነሳችው አታውቅም። ወደ ቦዩ መሄዷን አታውቅም። ከውሃው ጎንበስ ማለቷን አታውቅም። የሌላ ሰው እጅ ክንዷ ላይ የተቀጠለ ይመስል ጣቶቿን ትክ ብላ አየቻቸው።

"ሥሩንም ታይዋለሽ" አለች ውባለም። "ባለፍሽ ቁጥር አንዱን ቆንጠጥ አድርገሽ ወደ ላይ ትስቢዋለሽ፤ መልሰሽ ትጫኚዋለሽ። መያዝ አለመያዙን ለማየት ይመስለኛል። እንዲህ ከተደረገ የኔም ቃሪያ ይሞታል፣ ሸጊቱ። የማንም ይሞታል።"

ሸጊቱ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ችግኙ እንዳይሞት ብላ ነው ያጠጣችው። ይሞታል ብላ ስላመነች ነው እንዳይሞት የሮጠችው። ሩጫዋ ነው የገደለው። ሲሞት ደግሞ እምነቷ ይጠነክራል፤ ሲጠነክር እጇ ይብስ ይፈጥናል። እጇ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የኖረው አንድም ቀን ሳይነግራት፣ ሳያስፈቅዳት፣ እሷ ስለሌላ ነገር ስታወራ ነው። የመገበቻቸውን ጫጩቶች አሰበች፤ በየደቂቃው እያነሳች ልባቸው መምታቱን ታዳምጥ እንደነበር ትዝ አላት። ሳታስበው እንባዋ ወረደ።

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

"እሱማ አንቺ ነሽ" አለች ውባለም፤ ልታባብላት አልሞከረችም። "ግን እንዴት እንደገደልሻቸው አሁን አወቅሽ።"

ጁምዓ ቀን በሚኒባስ ወልድያ ወጣች። አብዱልጀሊል እግሩ ከፍ ብሎ ታስሮ ተኝቷል፤ ከስቷል። የወሰደችለትን ምሳ እያጎረሰችው የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ይስቃል ብላ ፈርታ ነበር፤ አልሳቀም።

"አውቅ ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"እንደማትነኪ። ምክንያቱን አላውቅም፤ መፍራትሽን ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ልጠይቅሽ አሰብኩ።" ዐይኑን ወደ ኮርኒሱ መለሰ። "ከዚያ ተመቸኝ። ሰው 'የአብዱልጀሊል እጅ' ሲል ደስ ይለኛል። አንቺም ብትችዪው ኖሮ የኔ ብቻ አይሆንም ነበር።"

ልትቆጣ ፈለገች፤ እንዲያ ተሰብሮ ተኝቶ አይታው አልቻለችም። ይልቅ አንድ ነገር ጠየቀችው።

"ስታጠጣ ምን ታስባለህ?"

"ምንም።"

"እንዴት ምንም?"

"ምን አስባለሁ? ስለ ገበያው፣ ስለ ምሳ… አጠጣቸውና እረሳቸዋለሁ።"

እረሳቸዋለሁ። ሸጊቱ ቃሉን ይዛው ወጣች። እሷ አንድም ቀን ረስታቸው አታውቅም።

ወደ መርሳ ከመመለስ ይልቅ ግራና ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እናቷ አርጅተዋል፤ ደጃፍ ላይ ማሽላ እያበጠሩ ሳለ ደረሰች። ሰላምታው፣ የአማቹ ጤና፣ የልጆቹ ነገር ተጠያየቀ። ከዚያ ሸጊቱ መንገዱን ሙሉ ስታሰላስል የመጣችውን አወጣችው።

"እማ፣ ሙስዐብ የሞተ ጊዜ፣ እጇ ደረቅ ነው ያልሽኝ ትዝ ይልሻል?"

የእናቷ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። "እኔ? ማን አለሽ?"

"አንቺ። ዱባው ጋ ቆመሽ።"

"የምን ዱባ?"

ሸጊቱ ወደ አጥሩ ጥግ አመለከተች። ያ ዱባ በሕይወቷ ውስጥ ከቤታቸው ይበልጥ ነበር። እናቷ ግን ከልብ እያሰቡ፣ ጥግ ጥጉን እያዩ፣ ዱባ ተተክሎበት የሚያውቅ ቦታ አላገኙም።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኔ ያን ሰሞን የበላሁትንም አላውቅ፣ የተናገርኩትንም አላውቅ። ማን መጥቶ እንዳስተዛዘነኝ አላውቅም። ብዬ ከሆነ አፌ ነው ያለው።" ሰፌዱን አስቀመጡ። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። "አንቺንስ ያን ጊዜ ማን አስተዛዘነሽ? ላንቺም ወንድምሽ ነበር የሞተው።"

ማንም አላስተዛዘናትም ነበር። ሁለቱም ያውቁታል። እናቷ በሻሻቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ፤ ሸጊቱም አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠች፤ ማሽላውን አብረው አበጠሩት።

ይህን የሚሰማ ሰው በዚያ ቀን ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሸጊቱም መስሏት ነበር። ባጃጁ ከግራና አምጥቶ መርሳ ሲያወርዳት ግን የተሰማት ቅለት ሳይሆን ንዴት ነው። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችውን ቃል እናቷ በተናገሩበት ቀን ጥለውት ሄደዋል። በማግስቱ ጠዋት ዳሱ ስር ስትገባ ደግሞ እጇ ሻርፗ ስር ነበር። ልቧ ነገሩን ሰምቷል፤ እጇ ገና አልሰማም።

ለእጇ ማስረዳት አይቻልም፤ ስለዚህ ማስለመድ ጀመረች። ከገበያ ከገዛችው የበሰለ ፓፓያ ዘሩን አውጥታ፣ አጥባ፣ በጥላ አድርቃ ራሷ ዘራች። ጣሳውን ጠዋት አጠጥታ ስትጨርስ ለውባለም ትሰጣታለች፤ ውባለም እስከ ማግስቱ አትመልስላትም። እጇ ግን ጣሳው ይሰቀልበት ወደነበረው ምሰሶ ይሄዳል፤ ባዶውን ይዳብሳል፤ ይመለሳል። በዚያች ሰዓት፣ አሁን ካላየኋቸው ይሞታሉ የሚል ነገር ከውስጧ ይጮሃል። ያኔ የአፈሩን ወንፊት አንስታ ትነፋለች። ጩኸቱ እስኪበርድ ትነፋለች። ብዙ አፈር ነፋች፤ ለሁለት ዓመት የሚበቃ። ዘምዘም፣ "እናቴ፣ ተራራ ልትሠሪ ነው?" አለቻት።

አንዳንድ ቀን ተሸነፈች። አንድ ቀን ውባለም ገበያ ስትሄድ ጠብቃ በመዳፏ ውሃ ዘግና ስትረጭ ራሷን አገኘችው። የዚያን ቀን ግን ራሷን 'አገኘችው'። ድሮ ማንም አያገኛትም ነበር።

ዘሮቹ በቀሉ። አዛወረቻቸው። ከነሱም ጥቂቶቹ ሞቱ። የሞቱትን ይዛ ከዳሱ ጀርባ ልትጥል ስትሄድ ቆማ ቀረች። እዚያ ክምር አለ፤ የደረቀ ማንጎ፣ የደረቀ አቮካዶ፣ የተቀደደ ፕላስቲክ፣ ከስር ያለው በስብሶ አፈር የሆነ። አብዱልጀሊል የጣላቸው ናቸው። በእጁ የሆነ ነገር ይዞ ወደዚያ ሲዞር ሁሌ ታየው ነበር፤ ምን እንደያዘ ግን አይታ አታውቅም። ስልኳን አወጣች።

"አንተ ስትተክል ይሞትብሃል?"

"እንዴታ!" አለ ከሆስፒታል። "በየጊዜው ነው እንጂ።"

"ሲሞት ምን ትላለህ?"

"ምን እላለሁ? እጥለዋለሁ፤ ሌላ እተክላለሁ። ምነው? ሞተብሽ?"

"ጥቂት" አለች። ድምፅዋ ለራሷም ገረማት፤ የአየር ሁኔታ የምትናገር ሰው ድምፅ ነበር። "ሌላ እተክላለሁ።"

አብዱልጀሊል በክራንች እየተደገፈ ቤቱ የገባው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። አልሐምዱሊላህ ተባለ፤ ጎረቤት ተሰበሰበ። እንግዳው ሲሄድ ወንበር ዳሱ ስር አስወጥቶ ተቀመጠና ፓፓያውን አንድ በአንድ ተመለከተው።

"ተጠጋግቷል" አለ። "ያኛው ረድፍ ቀጥኗል፤ ብርሃን ሊሻማ ነው። ጥላውም በዝቷል።"

የድሮው ነገር ከሸጊቱ ውስጥ ተነሳ፦ አላልኩሽም? ለአፍታ እጇን ሻርፗ ውስጥ ልትከተው ነበር። ከዚያ ረድፉን አየችው። በእርግጥ ተጠጋግቷል። ጎንበስ ብላ አንዱን በሁለት እጇ አንስታ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው፤ ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውንም።

"ጥላውን ግን ባንዴ አላነሳውም" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችው። "ባንዴ ካነሳሁት ፀሐዩ ያቃጥላቸዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የምገልጠው።"

"ሁሌ እኔ ባንዴ ነው የማነሳው።"

"ለዚህ ነው ክምርህ ትልቅ የሆነው።"

አብዱልጀሊል አልወደደውም። እስከ ማታ ኮስተር ብሎ ዋለ። ነገር ግን በማግስቱ ጥላውን ስትገልጥ አልከለከላትም፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በክራንቹ ጫፍ፣ "እዚህ ጋ ትንሽ ጨምሪበት" አላት። ከዚያ ወዲህ ፓፓያው የሷ፣ ማንጎው የሱ ሆነ። እንዲህ እናድርግ ብለው አልተነጋገሩበትም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ዘምዘም ከትምህርት ቤት መጥታ ልታግዝ ፈለገች። ችግኝ በሳጥን አቅፋ ስትሮጥ ተደናቀፈች፤ ሳጥኑ ተገለበጠ፤ ፕላስቲኮቹ ፈረጡ፤ የጠነከሩት ፓፓያዎች እኩሌታቸው ተሰበሩ። ሸጊቱ ከተቀመጠችበት በንዴት ብድግ አለች።

"አንቺ ልጅ! አንቺማ…"

ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ዘምዘም አፈሩ መሃል ተንበርክካ ቀና ብላ እያየቻት ነው። አላለቀሰችም፤ ትጠብቃለች። ስለራሷ የሚነገራትን ማንኛውንም ነገር ልትቀበል የተዘጋጀች ፊት ነበራት።

"እኔማ ምን?" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

ሸጊቱ ከአፏ ሊወጣ የነበረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም። ብቻ ከባድ ነገር እንደነበር ታውቃለች።

"ቸኩለሻል" አለች። "ብዙ ይዘሽ ሮጥሽ። ሁለት ሁለቱን አድርገሽ በእርጋታ ውሰጂ።" ከዚያ አጠገቧ ተንበረከከችና የተረፉትን አብረው ለቀሙ። ዘምዘም ከዚያ በኋላ ሁለት ሁለት እየያዘች፣ ትንፋሿን ውጣ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ አመላለሰች። ሸጊቱ እንደገና ጠራቻት። "እንደዚያም አትፍሪ። ቢወድቅ ሌላ አለ።"

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ገበሬው መምጣት ጀመረ። ከግራና በባጃጅ፣ ከወልድያ በሚኒባስ፣ ከውርጌሳ ማዶ በአህያ። ፓፓያው ጥሩ ሆኖ ቆሟል፤ ባለፉት ዓመታት ከነበረው ይበልጣል ለማለት አያስደፍርም፤ አያንስም ግን። አንድ ማለዳ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አህያቸውን እየነዱ መጡ። ሸጊቱ ጥሩ ጥሩዎቹን በእጇ እየመረጠች፣ እየደገፈች በሳጥኑ ደረደረችላቸው።

"አባባ፣ ሲተክሉት ፕላስቲኩን በምላጭ ይቅደዱት እንጂ አይጎትቱት" አለቻቸው። "ከተከሉት በኋላ ውሃ አያብዙበት። መያዙን ለማየትም አይነቅንቁት። ጠዋት ያጠጡትና ይርሱት።"

"ይርሱት?"

"አዎ፣ ይርሱት። ሌላ ሥራዎትን ይሥሩ።"

ሽማግሌው አገጫቸውን እያሻሹ አዩዋት። "ልጄ፣ ይሄን ሁሉ በምን አወቅሽው? ተምረሽ ነው?"

"አልተማርኩም፣ አባባ። ብዙ ገድዬ ነው።"

ደንግጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አብዱልጀሊል ከወንበሩ ሲስቅ ሲሰሙ ነገሩ ገባቸውና እሳቸውም ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። ሸጊቱ ሳጥኑን አህያው ላይ አግዛ ጫነችላቸው፤ ገመዱን አጠበቀች። መንገድ እስኪወጡ ቆማ ሸኘቻቸው፤ ከዚያ ዳሱ ስር ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ተመለሰች።